የተያዘ ቀን አይሰረዝም

አምቦ፣ ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአዳዳ ወርቂቱ
አቴንስ

ጉዳዩ፦ የላኩልኝን ቬሎ ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አምላክ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። አባዬ ጉልበቱን ከሚያመው በቀር ደህና ነው። «የአጎቴ ልጅ ከአክስት አታንስብሽም፣ አዳዳ ብለሽ ጻፊላት» ስላለኝ እንደዚያው ጽፌያለሁ። ጆሮዎ ስልክ መስማት ከተወ ወዲህ ወሬ በወረቀት ብቻ እንደሚደርስዎ አውቃለሁና፣ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሳይቀድመኝ እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው።

ሰርጉ አልሆነም። ጥር 14 ነበር የተቆረጠው። ጥር 2 ቀን ጠዋት የኦሊቃ ወንድም ከጊንጪ መጣና በር ላይ ቆሞ፣ ኦሊቃ ሐሳቡን እንደለወጠ፣ ሐዋሳ ያለች የሥራ ባልደረባውን ሊያገባ እንደወሰነ፣ ቀለበቱንም እንደማይፈልገው ነገረን። አራት ዓመት እጮኛዬ ነበር። ወንድምየው ግባ ብንለው እንኳ አልገባም።

አራት መቶ የጥሪ ካርድ ተበትኖ ነበር። አባዬ «በእጅ የተሰጠ ጥሪ በስልክ አይሰረዝም፣ ሰው ይቀየመናል» ስላለ እኔና እህቴ ፋንቱ ባጃጅ ተኮናትረን ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ዞርን። በሁለተኛው ቀን እኔ መናገር ሲያቅተኝ የባጃጁ ሹፌር ራሱ እየወረደ «ሰርጉ ቀርቷል፣ ልጅቷ ግን ደህና ናት» ማለት ጀመረ። ከእኔ የተሻለ ይናገር ነበር።

አሁን ያለብኝ ችግር ሁለት ነው። አንደኛው፣ አባዬ ከዕቃ አከራዩ ጋር ተጣልቶ የሰርጉን ዕቃ በሙሉ ገዝቶት ነበር። አንድ ድንኳን፣ መቶ ሃምሳ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁለት መቶ ሳህን ከነማንኪያው፣ አራት ትልልቅ ብረት ድስት። ሳሎኑን ሞልቶታል፤ እራት የምንበላው በወንበር ክምር መሀል ተጣበን ነው። ሁለተኛው ቬሎው ነው። አልተለበሰም፣ መለያ ወረቀቱ እንኳ አልተነሳም። ልመልስልዎ ወይስ ምን ላድርገው?

ከፍቶኛል፣ አልደብቅዎትም። መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀምጬ የሰው ፋይል ሳገላብጥ እንባዬ ይመጣል፤ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ፋይሉን ዘግቼ እጠብቃለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ሃዋኒ ሌታ


አቴንስ፣ የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ሃዋኒ ሌታ
ሀገረ ሕይወት

ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬም እንደ ድሮው ነው፣ ማለት አይሰማም። የማስታምማት እመቤት ኤሌኒ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል። እኔ አይላታለሁ፣ እሷ ትሰማልኛለች፣ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው ወጥቶናል።

ለዘመዱ «ጉዳዩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያየሁት አንቺን ነው። ይሁን። ቬሎውን እንዳትመልሺ። ሻጯ ለማን ነው ስትለኝ ለልጄ ብያት ነው የገዛሁት። ቁም ሳጥን ውስጥ ስቀዪውና አትዪው። ያን ልጅ ደግሞ አልረግመውም፣ የሐዋሳዋ ልጅ ምን አጠፋች።

አሁን ስሚኝ። የእመቤት ኤሌኒ እህት የሚያስታምማት ሰው ትፈልጋለች። ወረቀቱን ልጆቿ ይጨርሳሉ። እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፣ ክፍሉ ይበቃናል። ከዚያ ከተማ ውጪ። መንገድ ላይ ወጥተሽ ሰው ሁሉ «አይ ይህች ልጅ» እያለ እንዲያይሽ አልፈልግም። እስከ ፋሲካ መልስ ስጪኝ።

ወንበሩን አከራዪው። የተሠራው ሊቀመጡበት ነው፣ ሳሎን ሊሞላ አይደለም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሁሉቃ ወንዝ ድልድዩ አጠገብ የነበረው የአባቴ ቤት ቆሞ እንደሆነ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። በተለይ በሩን። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

አምላክ ልብሽን ይጠግንልኝ።
ወርቂቱ


አምቦ፣ ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአዳዳ ወርቂቱ

«ጉዳዩ» የሚለውን ትቻለሁ። ይህ ወረቀት ሲደርስዎ በጤና ያግኝዎ። እኛ ጋ ክረምቱ ገብቷል፣ ጭቃ ነው።

የዘገየሁት በእርስዎ ምክንያት ነው። ፖስታው ላይ በከተማችን የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» ብለው ስለጻፉ ፖስተኞቹ ሌላ ከተማ መስሏቸው ብዙ ቦታ ዞሮ ነው የመጣው። በመጨረሻ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ አይተውት «ይሄማ እኛው ነን» ብለው ቤት ድረስ አመጡልኝ። እባክዎ አምቦ ብለው ይጻፉ።

ወንበሮቹ ከሳሎን ወጥተዋል። የጎረቤታችን የወይዘሮ ድንቅቱ ባል ያረፉ ጊዜ የዕድሩ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ስለነበር አባዬ የእኛን ውሰዱ አለ። የእኔ የሰርግ ድንኳን መጀመሪያ የተተከለው ለለቅሶ ነው። እኔም ገብቼ ተቀመጥኩና የወይዘሮ ድንቅቱንም የራሴንም አንድ ላይ አለቀስኩት፤ የጠየቀኝ ሰው የለም። በሳምንቱ ለምርቃት ተጠየቅን፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሰርጉ ተከታተለ። አሁን ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት የለንም። ግቢው ግድግዳ ላይ ደንብ ጽፌያለሁ። አንድ፣ ተከራይ መታወቂያ ያስይዛል፤ የሚመለሰው ዕቃው ሲመለስ ነው። ሁለት፣ ዕቃ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። ሦስት፣ የተያዘ ቀን አይሰረዝም፣ አይለወጥም። ሦስተኛውን በቀይ ቀለም ነው የጻፍኩት። ፋንቱ «ይሄ ለደንበኛ ነው ወይስ ለኦሊቃ?» አለችኝ።

በየሰርጉ የማገኘው አንድ ሰው አለ፣ ገመቺስ ይባላል። ጄኔሬተርና ሞንታርቦ ያከራያል፣ አሮጌ አይሱዙም አለው። ከሁሉ ቀድመን የምንመጣ፣ ከሁሉ ኋላ የምንወጣ እኔና እሱ ነን። ከጄኔሬተር አጠገብ ብዙ ስለኖረ ሲያወራ ይጮኻል፤ ራሱ ግን አያውቀውም። ማንኪያ ሲቆጥርልኝ «መቶ ሰማንያ አንድ» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ባለፈው ወር ወንጪ ሐይቁ ዳር ሰርግ ነበረን። መኪና እስከ ታች ስለማይደርስ ወንበሩን በፈረስ፣ ስድስት ስድስት አድርገን አወረድነው። አንዱ ፈረስ መሀል መንገድ ላይ በቃኝ ብሎ ስድስት ወንበር እንደተሸከመ ወደ ቤቱ ሄደ። ገመቺስ ተከትሎት ሮጠ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስድስቱንም ወንበር ራሱ ተሸክሞ መጣና ቆጥሮ አስረከበኝ። ፈረሱስ ስለው «እሱን አላስረከብሽኝም» አለኝ። ከጥር ወዲህ በድምፅ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ስለ አቴንስ ያሉኝን እያሰብኩበት ነው።

የአባትዎ ቤት አለ። በሩ ግን ተቀይሮ ቆርቆሮ ሆኗል። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ሃዋኒ


አቴንስ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ሃዋኒ
ሀገረ ሕይወት

ልጄ፣ ጤናሽን ይስጥሽ። እዚህ ሙቀቱ ሰው አያስወጣም። እመቤት ኤሌኒና እኔ መስኮት ዘግተን እርስ በርስ እንነታረካለን።

በከተማዋ የተወለድኩት በዚህ ስሟ ነው፤ ሌላ ስም ለመልመድ ዕድሜዬ አይፈቅድም። ፖስተኞቹ ይልመዱት።

ደብዳቤሽን አየሁት። ስለ ጄኔሬተሩ ሰውዬ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል፣ ስለ አቴንስ አንድ መስመር። እኔ አሮጊት ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ዕድሜው ስንት ነው? አግብቷል? ሰው ነው ወይስ ጩኸት ብቻ? አንድ ጊዜ የተቃጠለች ልጅ ቶሎ ብላ ሌላ ጓዳ ስትገባ አልወድም፤ ረጋ በዪ።

የእመቤት ኤሌኒ እህት እስከ ገና እጠብቃለሁ ብላለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ትቀጥራለች።

ፎቶው ደርሶኛል። ቆርቆሮውን አልወደድኩትም። የእንጨቱ በር የት እንደሄደ ጠይቂልኝ።

ወርቂቱ


አምቦ፣ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳ ወርቂቱ

እንደምን ከረሙ? አባዬ ሰላም ይላል። አዲሱን ዓመት በጤና ተቀብለናል።

ባለፈው እሑድ ጊንጪ የኦሊቃ ሰርግ ነበር። ድንኳኑ የእኔ ነበር።

እንዴት ሆኖ ይሉኛል። ጥቅምት ላይ እህቱ አቢጊያ መጣች። ዓይኔን ማየት አልቻለችም። «ሁሉ ቦታ ተይዟል፣ እባክሽ» አለችኝ። አባዬ ዱላውን አነሣ። እኔ ግን ደንቡ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ መታወቂያ ያመጣ ይከራያል አልኩ። የኦሊቃን መታወቂያ አስያዘችኝ። ፎቶው አምሮበታል። ከደረሰኙ ጋር አያይዤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ገመቺስም ለዚያው ሰርግ ተይዞ ኖሯል። ሦስት ቀን ሲቀረው ግቢያችን መጣና፣ ቀስ ብሎ ያወራ መስሎት፣ «ብትፈልጊ ሙሽራው ሲገባ ጄኔሬተሩ ሊጠፋ ይችላል፤ አሮጌ ነው፣ ማንም አይጠረጥርም» አለኝ። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩን። ሥራ ሥራ ነው አልኩት። ቅር ብሎት ሄደ።

ኦሊቃ ሲገባ እኔ የኋላውን ረድፍ እየደረደርኩ ነበር። አየኝና መጣ። «ደህና ነሽ?» አለኝ። «መቶ ሃምሳ ወንበር ነው፣ ሲያልቅ ተቆጥሮ ይገባል» አልኩት። ሙሽራዋ ደግ ሴት ትመስላለች። ልጠላት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

የከፋኝ ስንመለስ ነው። ወንበሩን በገመቺስ አይሱዙ ጭነን፣ ጋቢና ገብቼ፣ ከጊንጪ ጀምሬ አለቀስኩ። ገመቺስ ምንም አላለም፤ ዝም ሲል ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። አምቦ ስንደርስ በራችንን አልፎ እስከ ጉደር ነዳ፣ እዚያ አዙሮ መለሰኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በራችን ላይ ስወርድ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ማንኪያው ሙሉ ነበር።

የጠየቁኝን ልመልስ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ እናቱን ይጦራል።

የእንጨቱን በር አግኝቼዋለሁ። የቤቱ የአሁን ባለቤት አቶ በድሉ ዶሮ ቤት ላይ ገጥመውታል። ጠንካራ እንጨት ነው፣ አልተበላም። ለምን እንደሚፈልጉት አይነግሩኝም?

እስከ ገና ያሉትን አልረሳሁም።

ሃዋኒ


አቴንስ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ሃዋኒ
ሀገረ ሕይወት

ልጄ፣ እንዴት አለሽ?

ላንቺ ብዬ ሴትየዋን ለምኛታለሁ። ሌላ ሰው ሳትቀጥር እስከ ፋሲካ ትጠብቅሻለች። ወረቀቱ አልቋል። ቲኬቱ ለሚያዝያ ነው። አሁን የምፈልገው «እያሰብኩበት ነው» አይደለም፣ እሺ ወይም እምቢ ነው። ለቀድሞ እጮኛዋ ሰርግ ድንኳን ተክላ የመጣች ልጅ እዚያ ከተማ ምን ቀራት? እኔን እዪኝ፣ ወጥቼ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አንድም ቀን አልተቆጨሁም።

በሩ ዶሮ ቤት ላይ መሆኑን አነበብኩ። ይሁን። ለምን እንደፈለግኩት ሌላ ጊዜ።

ወርቂቱ


አምቦ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳ ወርቂቱ

ጤናዎን ይስጥልኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ግቢ ውስጥ ሳህን ሳጥብ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ከበሩ ቆሙ። ትልቁን አውቃቸዋለሁ፣ ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ፣ የመናኸሪያ ሰፈር ሰው ናቸው። «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ደህና አድሬያለሁ ብዬ ወንበር አቀረብኩ። አንቀመጥም አሉ። የቸኮሉ ደንበኞች መሰሉኝ።

«ትልቅ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው» አሉ ኦቦ ለሜሳ።

«ሰርግ ነው?» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። «እግዚአብሔር ከፈቀደ» አሉ።

«ቀኑ ተቆርጧል?»

«እሱማ ከዚህ ቤት በምናገኘው ቃል ነው።»

ልክ ናቸው አልኩ በልቤ፤ ዘንድሮ ሰው ቀን የሚቆርጠው ድንኳን ካገኘ በኋላ ነው። መዝገቤን አወጣሁ። ከፋሲካ በኋላ የቀረኝ ክፍት ቀን የዳግማዊ ትንሣኤ እሑድ፣ ግንቦት 4 ብቻ መሆኑን፣ ዛሬ ካልያዙት ነገ እንደማያገኙት ነገርኳቸው።

«ግንቦት 4?» አሉ አንደኛው፣ ደንገጥ ብለው። «እንዲህ በቶሎ?»

«ይያዝ ወይስ ለሌላ ልስጠው?»

«ኧረ ለሌላ አትስጪ፣ ይያዝ» አሉ ሦስቱም አንድ ላይ።

የሚያገባው ማን ነው ብላቸው «የእኛው ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው» አሉኝ። ሙሽራዋስ ስል ኦቦ ለሜሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የደግ ሰው ልጅ ናት» አሉ። እንኳን ደስ አላችሁ አልኳቸው። ግድግዳውን አሳይቼ፣ የተያዘ ቀን አይሰረዝም፣ አይለወጥም፣ ኋላ ቅር እንዳትሰኙ አልኩ። «እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው» አሉ። የኦቦ ለሜሳን መታወቂያ ተቀብዬ፣ ደረሰኝ ቆርጬ፣ እስከ በር ሸኘኋቸው።

ቤት ስገባ አባዬ ካፖርቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ሳሎን ተቀምጧል። «ሽማግሌዎቹ የታሉ?» አለኝ። የትኞቹ ብለው «ለገመቺስ አንቺን ሊጠይቁኝ የመጡት ናቸዋ። ሐሙስ ነው መልእክት የላኩብኝ» አለ። ድንኳን አከራይቼ ሸኘኋቸው አልኩት። አባዬ የታመመ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፤ ፋንቱ ውኃ እስክታመጣለት ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። የራሴን ሰርግ ቀን ራሴ ቆርጬ፣ በራሴ እጅ ደረሰኝ ጽፌለታለሁ። ሰኞ የኦቦ ለሜሳን መታወቂያ ይዤ ገመቺስ ጋ ሄድኩ። ጄኔሬተር አስነሥቶ እየሞከረ ነበር። «በስህተት ነው የተቀበልኩት፣ መልስላቸው» አልኩት። «ምን?» አለ። «እፈራለሁ» አልኩት። «ምን?» አለ። ጄኔሬተሩን አጠፋው።

«ካርድ ተበትኖ፣ ሰው ሁሉ ተጠርቶ፣ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው እንዳትቀርብኝ እፈራለሁ» አልኩት።

ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ እንደሚችል አላውቅም ነበር። «ሽማግሌዎቹ የካቲት 10 ለመልስ ይመለሳሉ። እምቢ ካልሽ ድንኳኑን ለሌላ አከራዪው፣ አልቀየምሽም። እንደማልቀር ግን እንደ ወንበር ቆጥሬ ላስረክብሽ አልችልም። ቀኑ ሲደርስ ነው የምታዪው።»

እወደዋለሁ፣ አዳዳ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ግን አሁንም እፈራለሁ፣ የእርስዎም ቲኬት አለ። ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ የካቲት 10 ያለፈ ይሆናል። ምን እንደምመልስ አላውቅም።

ሃዋኒ


አቴንስ፣ የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ሃዋኒ
ሀገረ ሕይወት

ኢንታላ ኮ፣ ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ቀኑ አልፏል። መልስሽን ሰጥተሻል፣ ምን እንዳልሽ አላውቅም። ስለዚህ ይህ ምክር አይደለም፣ ልንገርሽ ብዬ ብቻ ነው።

ድንኳን ማከራየትሽን ሳነብ ሳቅ ገድሎኝ እመቤት ኤሌኒ ታመመች ብላ ልጇን ጠራችብኝ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን አልሳቅኩም።

በ1969 ዓ.ም. እዚያ በድልድዩ አጠገብ ባለው ቤት ለእኔም ሽማግሌ መጣ። ልጁ አናጢ ነበር። ያንን በር የሠራው እሱ ነው፤ ሊሠራ ሲመጣ ነው የተያየነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስቴም ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። በሦስተኛው አባቴ ገባና «ምን ልበላቸው?» አለኝ። እሺ ልል አፌ ላይ ነበር። ፈራሁም ኮራሁም፣ «አራተኛ ይምጡ» አልኩ። አራተኛ አልመጡም። በዓመቱ እሱ ሌላ አገባ፣ እኔ ካርቱም ገባሁ። ለሰው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ነው አልኩ። ከካርቱም እዚህ መጣሁ። አልተቆጨሁም ያልኩሽ ውሸት ነው።

አቴንስ ነይ ያልኩሽ ላንቺ ብዬ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እንደ እኔ የሸሸ አንድ ሰው አጠገቤ እንዲኖር ፈልጌ ነው። ይቅር በዪኝ። መምጣት ከፈለግሽ ነይ፤ ፈርተሽ ግን አትምጪ።

በሩ ዶሮ ቤት ላይ መሆኑ ይሻላል። ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ይከፈታል።

ወርቂቱ


አምቦ፣ ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳ ወርቂቱ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ መልሱን የሰጠሁት ብቻዬን ነበር። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት እስካየው ድረስ አላመንኩትም ነበር።

የካቲት 10 ሽማግሌዎቹ መጡ። አሁን በቀጥታ ሳሎን ገቡ፣ ወንበር ሲቀርብላቸው አንቀመጥም አሉ። መልሱ ሳይገኝ እንደማይቀመጡ በዚህኛው ጊዜ ገብቶኛል። እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ ከበሩ ኋላ። አባዬ ገባና «ምን ልበላቸው?» አለኝ። ዝም ስል ጊዜ ኦቦ ለሜሳ ከሳሎን «እንግዲህ ካልሆነም መታወቂያዬን ልውሰድ» ሲሉ ሰማሁ። ወጣሁና «መታወቂያ የሚመለሰው ዕቃው ሲመለስ ነው፣ ግንቦት 5» አልኳቸው።

ኦቦ ለሜሳ አባዬን አዩ፣ አባዬ እሳቸውን አየ። ከዚያ ሦስቱም ተቀመጡ።

አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 22፣ ፍርሃቴ ተመለሰ። ጠዋት በሩን ከፍቼ ያ የኦሊቃ ወንድም የቆመበትን ቦታ አየሁ። ገመቺስ መጥቶ እዚያው ቦታ ቆሞ ነበር። «አለሁ» ብሎ ጮኸና ሄደ። በማግሥቱም መጣ፣ «አለሁ» አለና ሄደ። አሥራ ሁለት ጠዋት እንዲህ አደረገ። ወይዘሮ ድንቅቱ ለጸሎት መነሻ ሰዓት አደረጉት፤ አሁን ስለቀረ ያረፍዳሉ።

አልቀረም። ቬሎው በልኬ ነው፣ ወገቡ ብቻ ትንሽ ጠበበ። ድንኳኑን በዋዜማው ራሴ አስተከልኩት። ማታ ከመሄዳችን በፊት በቬሎዬ ቁጭ ብዬ ማንኪያ ቆጠርኩ፤ ፋንቱ አሳፈርሽን አለችኝ። አንድ ጎደለ። ኋላ አባዬ ኪስ ውስጥ ተገኘ፣ ለማስታወሻ ነው አለ። ከአራት መቶዎቹ ብዙዎቹ መጥተዋል። የባጃጁን ሹፌር ጠርቼው ነበር፣ እሱም መጣ።

ከምሳ በኋላ ገመቺስ «ለአቴንስ እንደውል» አለ። አይሰሙም ብለው አልሰማ አለ። ያለውን የድንኳኑ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እርስዎ ስልኩን እንዳነሡት አይቻለሁ፣ ግን ምንም አላሉም። ላስቸግርዎ አልፈለግኩም ነበር፤ ይቅርታ።

ቲኬቱን ስላልተጠቀምኩበት ይቅር ይበሉኝ። ለኦቦ ለሜሳ መታወቂያቸውን ሰኞ መልሼላቸዋለሁ።

ልጅዎ ሃዋኒ


አቴንስ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጆቼ ለሃዋኒና ለገመቺስ
ሀገረ ሕይወት

እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቤታችሁ ይሙቅ፣ ወልዳችሁ ሳሙ።

ሰማሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነበር የማውቀው። «አዳዳ ወርቂቱ፣ ገመቺስ ነኝ፣ አልቀረሁም» ሲል ቃል በቃል ሰማሁት። ዝም ያልኩት እያለቀስኩ ስለነበር ነው። እመቤት ኤሌኒ ከወዲያኛው ክፍል ሰምታ ማን ነው ብላ መጣች። የልጄ ባል ነው አልኳት።

ላንቺ ቲኬት ባዘጋጀሁት ገንዘብ ለራሴ ቲኬት ገዛሁ። እመቤት ኤሌኒን እህቷ ጋ አድርሼ፣ አንድ ሰው ለሁለቱም ተቀጥሮላቸው፣ መስከረም 19 ቀን 2017፣ እሑድ፣ እዚያ ነኝ። አንድ ወንበር ያዥልኝ። የምታስቀምጪው አቶ በድሉ ግቢ፣ ዶሮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። የሠራው ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር አትጠይቂልኝ፤ መጥቼ ራሴ እጠይቃለሁ።

መታወቂያ አስይዛለሁ። ነገር ግን የትውልድ ቦታ ሀገረ ሕይወት ነው የሚለው፤ የት ነው ብለሽ ከበር እንዳትመልሺኝ። ቀኑን መዝግቢው፣ በቀይ። አልሰርዘውም።

ወርቂቱ